የአባቴ ሳልና የእናቴ ሳል

በቤታችን ሁለት ሳል ነበር። የአባቴን ሳል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሲጀምራቸው ወሬ ይቋረጣል፣ ውሃ ይቀርባል፤ እንግዳ ካለ «እግዜር ይማርዎ» ይላል፤ እስላሙ ጎረቤታችን ከሆኑ ደግሞ «አላህ አፊያ ያድርግዎ» ይላሉ። የእናቴን ሳል ግን ማንም አያውቀውም። ሲመጣባት ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ከጌሾው ሥር ተቀምጣ ጨርሳው ስትመለስ ዐይኗ ቀልቶ፣ ግንባሯ አልቦት «ጢሱ ነው» ትለኛለች። እሳት ባልነደደበት ሰዓትም ጢሱ ነው ትል ነበር።

አባቴን አንቱ፣ እናቴን አንቺ እያልኩ ነው ያደግሁት። እሷም አንቱ ነበር የምትላቸው። ያገሩ ወግ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ እኔም ያኔ ልብ አላልኩትም። ቤታችን ከመካነ ሰላም ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ነፋሻ ደጋ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉም ከዓባይ በረሃ ተነስቶ ይወጣና መንደሩን ይውጠዋል። ሰው ከሰው የሚተዋወቀው በድምፅ ነበር። እኔም በጉሙ ውስጥ ውሃ ቀድቼ ስመለስ የእናቴን ሳል ከሩቅ እለየዋለሁ፤ ደረቅ፣ አጭር፣ የታፈነ ነበር።

ክፉ ቀን የምንለው ዘመን ሲመጣ እኔ ለመታጨት የደረስኩ ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ጠብ ሳይል አለፈ፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው ሆነ። እኛ ደገኞቹ ከጉድጓድ ጥቂት ገብስ እያወጣን ስንቆይ፣ ከወረኢሉ ማዶ፣ ከቆላው፣ ሰው እየጎረፈ ይመጣ ጀመር። ልጅ ያዘሉ፣ ሽማግሌ የሚጎትቱ፣ ምንም ያልያዙ። ወዴት ትሄዳላችሁ ስንላቸው እጃቸውን ወደ ምዕራብ ይዘረጋሉ። አንዳንዱ ድንጋይ ተደግፎ እንደተቀመጠ ይቀራል። የመንደራችን ቅሬ ስሙን የማያውቀውን ሰው ይቀብር ጀመር። ቅሬ እኛ አገር ሙት የሚቀብር፣ በሽተኛ የሚሸከም የጎረቤት ማኅበር ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ያው አንድ ቅሬ ነው።

በዚያ ወራት እናቴ ቀጠነች። ሁሉም ሰው ቀጥኖ ስለነበር የሷን ለይቶ ያየ የለም። ረሀቡ በሽታዋን ሸሸገላት። ከተጋገረው የገብስ ቂጣ የመጀመሪያው ለአባቴ ይቀርባል፤ ቀጥሎ ለእኔ። እሷ «ስቀምስ ጠገብኩ» ትልና ሳማ የተቀቀለበትን ውሃ ትጠጣለች።

አባቴ ደም የተፉት ዘግይቶም ቢሆን ዝናቡ ጠብ ባለበት በልግ፣ እርሻ ላይ ነው። ሞፈሩን ደግፈው ቆመው ሳለ ሳል ያዛቸው፤ ሲጨርሱ የቆሙበት ትልም ቀልቶ ነበር። በአጠገባቸው ያሉ አራሾች ጮኹ። ከሰዓት በኋላ ቅሬው ተጠራ፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጎረምሶች በጠፍር የተወጠረውን ቃሬዛ ይዘው ደጃችን ቆሙ። የተከራከረ ሰው አልነበረም። በሬ ጠማጅ፣ የቤት ራስ ታሞ እንዴት ይቀራል? ቃሬዛውን እየተፈራረቁ ተሸክመው መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ሊያደርሷቸው፣ እኔም እያበሰልኩ ላስታምማቸው አብሬ ልሄድ ተወሰነ።

እናቴ ስንቅ ስታሰናዳ ከጎኗ ነበርኩ።

«አንቺስ?» አልኳት። «አብረሽን ብትሄጂ ያንቺንም ሳል ያዩልሽ ነበር።»

በሶውን የምታሸው እጇ ቆመ። ዞር ብላ በሩን አየች።

«የቱን ሳል?»

«እማዬ...»

«ስሚኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ታላቅ እህቴን አታውቂያትም፤ ሳትወለጂ ነው የሞተችው። ባገባች በሁለተኛው ዓመት ሳል ጀመራት። አማቷ ሰማች። አንድ ቀን ባሏ በቅሎ ላይ አስቀምጦ አመጣትና አባቴ ደጅ አውርዶ ‹እንካችሁ ልጃችሁን› ብሎ ሄደ። ጓዳ አስተኟት። ውሃዋ በተለየ ቅል ነበር። ጎረቤት እንዳይሰማ ጨርቅ ነክሳ ነበር የምታስለው፤ እዚያው ሞተች። እኔን ሊያጩ የመጡ ሽማግሎች ይህን ሰምተው ከመንገድ ተመለሱ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው አባትሽ የመጡት። እሳቸው ቢታመሙ ‹ታመሙ› ነው የሚባለው። እኔ ብታመም ‹ዘራቸው ነው› ይባላል። ያንጊዜ አንቺን ማን ይወስድሻል?»

ከዚያ በሶውን ማሸት ቀጠለች። እኔንም ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገባችኝ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር፣ የሳንባ በሽተኞች የሚቀመጡበት ረጅም አግዳሚ ነበር። በየጠዋቱ አባቴን ደግፌ ወስጄ አስቀምጣቸዋለሁ። ገበሬ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ቄስ አለ፣ ጠመንጃውን እግሩ መሐል ያቆመ የቀድሞ ጭቃ ሹም አለ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። በሌላው በኩል ሴቶች አሉ፤ ልጅ ታሞባቸው የመጡ፣ ምጥ የጠናባቸው፣ እግራቸው የቆሰለ። በሳል የመጣች ግን አንዲትም አላየሁም።

መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ከደሴ የመጣ፣ ንግግሩ ፈጠን ያለ ወጣት ነበር። ሲቆይ ለመደኝና አንድ ቀን መርፌዎቹን በውሃ ሲቀቅል ጠየቅሁት።

«ይህ በሽታ ሴት አይዝም እንዴ?»

«ይይዛል እንጂ።»

«ታዲያ የታሉ?»

«እኔም አንቺን ልጠይቅሽ ነበር» አለ። ክዳኑን አንስቶ መርፌዎቹን አየና መለሰው። «ወንዱ ደም ሲተፋ ተሸክመው ያመጡልኛል። የሴቷን የምሰማው መሞቷን ነው፤ እሱንም በገበያ ቀን። ብርድ መቷት፣ ወሊድ ጎድቷት፣ ቡዳ በልቷት ይላሉ። ሳል ነበራት ወይ ስላቸው ዝም።» ከዚያ ወደ አግዳሚው ዞሮ አባቴን ጠየቃቸው። «አባቴ፣ እቤትዎ ሌላ የሚያስል ሰው አለ?»

«የለም» አሉ አባቴ።

አልዋሹም። የእናቴን ሳል ስንት ዓመት ከጎናቸው ሲሰሙት ኖረው እንደ ሳል አልቆጠሩትም። እንደ ወፍጮ ድምፅ፣ እንደ ዶሮ ጩኸት፣ የቤቱ ድምፅ ነበር።

የመርፌው ጊዜ ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። ሲያልቅ ብዙ ክኒን በከረጢት ተሰጣቸው፤ ከዓመት በላይ ሳያቋርጡ እንዲውጡ፣ ቢሻላቸውም እንዳይተዉ፣ ሲያልቅባቸውም መጥተው እንዲወስዱ ድሬሰሩ ደጋግሞ ነገራቸው። ከመካነ ሰላም በእግራቸው ነው የተመለሱት። መንደሩ እልል አለ።

ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ጆሮው ይከፈታል መሰለኝ። አባቴ ከመጡ ጀምሮ ዝም ብለው እናቴን ያዩ ነበር። ስትወጣ ያያሉ፣ ስትገባ ያያሉ። አንድ ቀን ጓሮ ወጥታ ስትመለስ እሳቸው ተነስተው ወጡ። በበሩ ቀዳዳ አየኋቸው፤ ከጌሾው ሥር ቁጢጥ ብለው፣ እናቴ የተፋችው ላይ የበተነችውን አመድ በዱላቸው ጫፍ ገለጡት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ አመዱን እንደነበረው መልሰው ሸፈኑት።

በማግስቱ ጠዋት መደብ ላይ ተቀምጠው ክኒናቸውን መዳፋቸው ላይ ዘረገፉና ግማሹን ለዩ።

«ነይ» አሏት። «ዋጪ።»

«የአንቱ መድኃኒት ነው እኮ» አለች።

«የኔ ከሆነ ለወደድኩት መስጠት እችላለሁ። ዋጪ።»

«እኔ ምን ሆኜ? ጢሱ ነው እንጂ...»

«አመዱን አይቼዋለሁ» አሉ አባቴ።

እናቴ ቆማ ቀረች። ክኒኑን ከመዳፋቸው ወስዳ ዋጠች። እሳቸው የቀረውን ዋጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይህ ከዚህ በር አይወጣም» አሉኝ። ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ አላሏትም። ሚስት በሳል ተይዛ መካነ ሰላም ታየች ቢባል መንደሩ ምን እንደሚል፣ የኔ ነገር ምን እንደሚሆን፣ ከሷ እኩል ያውቁት ነበር።

እኔ ደስ አለኝ። እናቴ ከአንዲት ክረምት ወዲያ አትቆይም ብዬ ነበርና፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ መንገዱ የተገኘ መሰለኝ። በእርግጥም ፊቷ ይመለስ ጀመር። ወደ ጓሮ የምትወጣው ቀነሰ። ክረምቱም ያን ዓመት ደግ ሆኖ ገባ፤ ገብሱ ወጣ፤ ከመንገድ የሚመጣው ሰው ሳሳ። ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ የሚል ወሬም በገበያ ቀን ከመካነ ሰላም መጣ። «ሰማይ ያለ ምሰሶ ይቆማል?» ያለ ሰው ትዝ ይለኛል። እኛ ቤት ግን ሁላችንም ያየነው ገብሱን ነበር።

አጨዳው ሳይደርስ የአባቴ ሳል ተመለሰ።

መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ ሆነ። የለበሱት ጋቢ ማለዳ ሲነሱ በላብ ረጥቦ ይገኛል፤ እናቴ ሳትናገር ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ያንን የተሰጣ ጋቢ ማየት ፈራሁ። ነፋስ ሲነካው በሩ ላይ ሰው የቆመ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ክኒኑን አልውጥም አለች። አባቴ ካልዋጥሽ እኔም አልውጥም አሉ። ስለዚህ ሁለቱም በየጠዋቱ ግማሽ ግማሹን መዋጥ ቀጠሉ፤ ሳል እንደገና ከሁለቱም መጣ።

ክኒኑ ሲያልቅ አባቴን በተውሶ በቅሎ ይዤ ወደ መካነ ሰላም ወጣሁ። ድሬሰሩ ገና ከበር ሲያያቸው ፊቱ ተለወጠ። ሚዛን ላይ አቆማቸው፤ ደረታቸውን አዳመጠ፤ አክታቸውን በቆርቆሮ ተቀበለ።

«ክኒኑን ይውጣሉ?»

«እውጣለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ሁሉንም?»

አባቴ መሬቱን አዩ። እኔን አዩኝ። ከዚያ «ግማሹን» አሉ።

«ግማሹስ የት ገባ?»

«ለእናቷ።»

ድሬሰሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ግን በጣም በዝግታ ነው የተናገረው።

«አባቴ፣ የርስዎን ደግነት እግዜር ይይልዎት። ግን ይህ በሽታ እንደ ሌባ ነው። በደንብ ከመቱት ይሞታል፤ ነካ ነካ ካደረጉት ዱላውን ይለምደዋል። ለአንድ ሰው የተሰጠ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱንም አያድንም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ያምጧት።»

«እንዴት ብዬ?»

«እርስዎ እንደመጡት።»

ስንመለስ ከወንዙ ሲደርሱ በቅሎዋን አቁመው «እርስዎ እንደመጡት አለኝ» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ቅሬውን አስጠሩ። ሕመሙ እንደጠናባቸው፣ እንደገና እንዲሸከሟቸው ላኩባቸው። ጎረምሶቹ በጉም ውስጥ ቃሬዛውን ይዘው መጡ። የቅሬው ዳኛ፣ በመንደሩ የተከበሩ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከፊት ነበሩ። አባቴን ያገኟቸው ደጃፍ ላይ ዱላ ተደግፈው፣ ለብሰው፣ መጫሚያቸውን አጥልቀው ነው።

«ቆመሃል ደግሞ» አሉ ዳኛው። «ውጣበት እንጂ።»

«እኔን አይደለም» አሉ አባቴ። «እሷን ነው።»

እናቴ ከኋላቸው ቆማ ነበር። እሷም ይህን አታውቅም ነበር። ነጠላዋን ዐይኗ ድረስ ሳበችው።

«ምን ሆና?»

«እኔ የሆንኩትን። ሳል ነው። ደም ያለበት ነው። ከኔ በፊት ነው የጀመራት።»

ከጎረምሶቹ ሁለቱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንዲት ጎረቤት በአጥሩ ላይ ትሰማ ነበር፤ ወዲያው ጠፋች። የእኔም ነገር በዚያች ደቂቃ እንዳለቀ ገባኝ፤ የሚያጨኝ ቤት በዚህ አገር እንደማይኖር።

ዳኛው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ። «ወንድሜ፣ በምጥ የተያዘች ሴት ተሸክመናል። ለሳል ሴት ተሸክመን ግን አናውቅም። ሴት ስታስል እቤቷ ትታመማለች። አንተ ና ውጣ። ያንተ ይበልጣል።»

«በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ አባቴ። «እሷን ካልተሸከማችሁ እኔን ስሞት አትቅበሩኝ።»

እንዲህ ያለ ቃል በቅሬ ፊት አይነገርም። እስላሙ ጎረቤታችን መጡና ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። የአባቴ እኩያ ነበሩ፤ ከጎረምሳ ጋር መሸከም አይገባቸውም። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዘው «ቢስሚላህ» አሉ። ከዚያ ሌላው ያዘ፤ ከዚያ ሌላው። እናቴ አልወጣም ብላ ነበር። አባቴ ክንዷን ይዘው ራሳቸው አስተኟት፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ያ ጉዞ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል። ጉሙ ከወገብ በላይ ሰው አያሳይም። ከተሸፈነው ቃሬዛ ኋላ አባቴ በዱላ እየተደገፉ፣ እየቆሙ፣ እያሳሉ ይከተላሉ። ላይኛው መንደር ስንደርስ ከጉሙ ውስጥ ያዩን ሴቶች ሬሳ መስሏቸው ልቅሶ ጀመሩ። አንዲቱ ደረቷን እየመታች ቀረበችና «ማን ነው የሞተው?» አለች። እናቴ ከነጠላዋ ሥር ሆና የራሷን ልቅሶ ሰማች። ወንዙን እስክንሻገር ድረስ ሁለት መንደር አለቀሰልን፤ እኛም ሁሉንም ዝም ብለን አለፍን።

በጤና ጣቢያው እናቴ አግዳሚው ላይ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠች። አንድ ቄስ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት፤ ቀሪዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። መርፌው ተጀመረላት፤ ለአባቴም እንደ አዲስ ተጀመረ። አንዲት ሴትዮ ቤት ጥግ ተጠግተን ከረምን። ሳምንቱ ሲሄድ ያየሁትን ማመን አቃተኝ፤ ያው መርፌ፣ በአንድ እጅ የተወጋ፣ እናቴን ሲያነሳት አባቴን አልነካቸውም። እናቴ እንጀራ ትጠይቅ ጀመር። አባቴ ከጎኗ ሆነው እንደ ሻማ ይቀልጡ ነበር። ድሬሰሩ ሌላ መድኃኒት ካለ ብሎ ወደ ደሴ ላከ። በክረምቱ ጭቃ መኪና ከወረኢሉ ወዲህ አላልፍ ብሎ ቆየ፤ ሲመጣም የተባለውን መድኃኒት አልያዘም።

በዚያ መሐል የቅሬው ዳኛ ለገበያ መጥተው መንገድ ላይ አገኙኝ። ወዲህና ወዲያ አዩ።

«እናትሽ እንዴት ነች?»

«ተሽሏታል።»

«ይበል። እና... መጀመሪያ ሲያማት፣ ጎኗን ይወጋት ነበር?»

«አዎ።»

«ማታ ማታ ያልባት ነበር?»

«አዎ።»

ዱላቸውን መሬት ላይ አሹት። «እንዲያው ጠየቅሁ» ብለው ሄዱ። የታመሙት ባለቤታቸው እንደሆኑ ወዲያው ነው የገባኝ። አምጧቸው ልል ስከተል ገበያው ውስጥ ጠፉብኝ። ሚስታቸውን ያመጧቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ሴትየዋ አግዳሚው ላይ መቀመጥ እንኳ አልቻሉም፤ በማግስቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሞቱ። በመንደሩ የተወራው ግን ሌላ ነው። መርፌው ገደላት ተባለ። ሊመጡ ያሰቡ ሴቶች ካሉም ከዚያ ወዲያ ቀሩ።

አባቴ እቤታቸው መሞት እንደሚፈልጉ ነግረውን ነበርና ወሰድናቸው። ያን ጊዜ መሬት ለአራሹ ታውጇል፤ ከአዲስ አበባ የዘመቱ ተማሪዎች መንደር ለመንደር እየዞሩ የገበሬ ማኅበር ያደራጁ ነበር። ከመንደራችን ጭቃ ሹም መሬት ላይ ገመድ ሲዘረጋ አባቴ ከመደባቸው ሆነው ጩኸቱን ይሰማሉ። «ለኛም ይደርሰናል» ይሏት ነበር እናቴን። «ከሸንተረሩ ሥር ያለውን ጠይቂ፤ ድንጋይ የለበትም።» እሷ «አንቱ ይጠይቃሉ» ትላለች። ሳይጠይቁ ሞቱ። ቅሬው ቀበራቸው፤ ያን ቃላቸውን ማንም አላነሳም።

እናቴን ግን አነሷት። ባሏን በላች አሉ። መድኃኒቱን ቀምታው ነው አሉ፤ እሱ የሰጣት መሆኑን የሚያምን አልነበረም። ከምንጩ ውሃ ስትቀዳ ሌሎቹ እስክትጨርስ ሩቅ ይቆማሉ፤ በኋላም ከሁሉ መጨረሻ እንድትቀዳ ተነገራት። የመሬት ድልድል ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «ለምታስል ሴት መሬት መስጠት ለመቃብር መስጠት ነው» ሲል ብዙ ወንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ፀጉሯን ያጎፈረች ልጅ፣ በጥቁር ሰሌዳ ቋንቋ ስለ ሴት መብት ተናገረች፤ ሰውም አዳመጣትና ወደ ራሱ ወሬ ተመለሰ።

እናቴ ተነሳች። በስብሰባ ላይ ስትቆም አይቻት አላውቅም።

«አላስልም» አለች። «እኒያ የሞቱት ሰው ያሳሉልኝ ይበቃል። መሬቱ የሳቸው ነው። ከሸንተረሩ ሥር ያለውን ጠይቂ ብለውኛል።»

ከሸንተረሩ ሥር ያለውን አልሰጧትም። ከገደሉ አፋፍ ድንጋያማውን ሰጧት። እኔና እሷ ድንጋዩን ስንለቅም ብዙ ወራት ከረምን።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ዓመታት ሰው ጎረቤቱን የሚፈራባቸው ነበሩ። ከመካነ ሰላም የተኩስ ወሬ ይመጣል፤ የተወሰዱ ልጆች አይመለሱም፤ ከመንደር ወደ መንደር ለመሄድ ከገበሬ ማኅበሩ ይለፍ ያስፈልጋል። አንድ ቀን በቀትር አንዲት የማዶ ሴት እቤታችን ገባች። ከምንጩ እናቴን ስታርቅ የምትውል ሴት ነበረች፤ ገና ወጣት ሚስት። ቁጭ አለች፤ የመጣችበትን ግን መናገር አቃታት። እናቴ አየቻት፤ የአንገቷን አጥንት አየች።

«ደም አለው?» አለቻት።

ሴቲቱ ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች።

«ባልሽ ያውቃል?»

«ቢያውቅማ...»

እናቴ ነጠላዋን አነሳች። «ነጠላሽን ደርቢ» አለችኝ፤ ሦስታችን ወጣን። ይለፍ አልነበረንም። በመውጫው መንገድ ጠመንጃ የያዘ የማኅበሩ ዘበኛ አስቆመን።

«ወዴት?»

«ጤና ጣቢያ» አለች ወጣቷ ፈጥና። «ጥርሴን አሞኝ ነው።»

ዘበኛው ፊቷን ትኩር ብሎ አየ። ጥርሷን የታመመች አትመስልም። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ጥርስ አይደለም» አለች እናቴ። «ሳል ነው። እኔን የያዘኝ ነው።»

ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና በጠመንጃው አፈሙዝ መንገዱን አሳየን።

ያቺ ሴት ዳነች። መርፌዋን ጨርሳ ስትመለስ ግን ባሏ ሌላ አግብቶ፣ ሣጥኗን ደጅ አውጥቶት ነበር። እኛ ዘንድ መጣች። ከገደሉ አፋፍ ባለው መሬት ላይ ሦስታችን እያረምን፣ እያጨድን፣ እኔ ወደ ከተማ እስክወጣ ድረስ አብረን ኖርን። በሬ የሚጠምድልን ወንድ አልነበረም፤ እስላሙ ጎረቤታችን በየዓመቱ በልግ ሲገባ ሳይጠሩ መጥተው ያርሱልን ነበር።